የማጥመጃ ክር የሚከረው በእጃችን ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሐይቅ ዳር የዕረፍት ቀንን ስለ ማሳለፍ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩ። ዓሣን በመረብ ሳይሆን በዘንግና በመንጠቆ ማጥመድ በከተማው ሰው ዘንድ እየተለመደ መምጣቱን ጋዜጣችሁ ጉዳዬ ብሎ መዘገቡ ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ ሪል ላይ፣ ይኸውም በዘንጉ ላይ በሚገጠመው ባለ እጀታ የክር መጠቅለያ ላይ፣ የተጠነጠነው ክር እየተቆላለፈ ለሚያስቸግራቸው ጀማሪዎች ጸሐፊው የሰጡት ምክር፣ ይኸውም ክሩ ርካሽ ስለሆነ ቆርጣችሁ ጣሉና ውዱን ግዙ የሚለው፣ ስህተት ከመሆኑም በላይ ገንዘብ የሚያስወጣና ሐይቁንም የሚጎዳ ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ርዝመቱን እንድትታገሡኝ እለምናለሁ፤ ስለ ክር አጭር ደብዳቤ መጻፍ ከእኔ የሚጠበቅ አይደለም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ከሥራ ዘመኔ 26 ዓመቱን ያሳለፍኩት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ውስጥ፣ ጥጥ ወደ ክርነት በሚለወጥባቸው ማሽኖች መካከል ነው። ስለ ዓሣ ጠባይ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ አስጋሪዎች ሐዋሳ ላይ ሞልተዋል፤ በዚያ በኩል አልከራከርም። ክር ለምን እንደሚጠመዘዝ፣ የት እንደሚጠመዘዝና እንዴት እንደሚፈታ ግን እንጀራዬ ስለነበረ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቨርጂኒያ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ፣ እሱ ራሱ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚጠቀምበትን ዓይነት ዘንግና ሪል ይዞልኝ መጣ። «አጎቴ፣ ቤት ተዘግተው ከሚውሉ ሐይቁ ዳር ቢቀመጡ ይሻልዎታል» ብሎ ሰጠኝና ተመለሰ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሁሉም መልካም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ክሩ በተላላ ቁጥር በራሱ ላይ እየተጠቀለለ ትንንሽ ቀለበት መሥራት፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ መጠምጠም፣ ስወረውረውም ከማጠንጠኛው ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ዙር ሆኖ ዘልሎ እንደ ወፍ ጎጆ መተብተብ ጀመረ። ያን ጊዜ እኔም ያደረግኩት የእናንተ ጸሐፊ የመከሩትን ነው፤ ቆርጬ ጣልኩ፣ ሌላ ገዛሁ፣ እሱንም ቆርጬ ጣልኩ። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ሙሉ ጥቅል ክር በዚህ ሁኔታ አለቀ። የዕድሜ ልክ ሙያዬ ክር ሆኖ ሳለ ምክንያቱን ቁጭ ብዬ ለማሰብ ሦስት ወር መፍጀቱ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ለዚህ ችግር ቋንቋችን ቃል አላጣም። ክር ከልክ በላይ ሲጠመዘዝ «ከረረ» እንላለን። እናቴ እንዝርት ይዛ ስትፈትል ያየሁትን ላስታውስ። ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን ስታሾረው፣ ክሩ በእንዝርቱ ጫፍ ላይ አንድ ዙር በተንሸራተተ ቁጥር አንድ ጥምዝ ይጨመርበታል። ጥምዙ ሲበቃ እንዝርቱን አዘንብላ የፈተለችውን በወገቡ ላይ ታጠነጥናለች። አዘናግቷት ሳታጠነጥን ደጋግማ ካሾረችው ግን ክሩ ይከርና ገና እጇን ስታላላ በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ይተበተባል። እንግዲህ እንዝርት ሁለት ሥራ አለው፤ ክሩ ሳይጠነጠን ቢሾር ያከርራል፣ ሲጠነጠን ደግሞ ይሰበስባል። የዓሣ ማጥመጃው ሪልም ይኸው እንዝርት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ልዩነቱ እኛ የምንፈልገው መሰብሰቡን ብቻ ሆኖ ሳለ ሳናውቀው ማክረሩንም የምንሠራው መሆኑ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የሪሉን አሠራር ማየት ያሻል። ክሩ የሚጠቀለልበትን ክፍል ማጠንጠኛ፣ እጀታው ሲዞር በማጠንጠኛው ዙሪያ እየተሽከረከረ ክሩን የሚያለብሰውን ክፍል ዟሪ ክንድ፣ ዓሣው በኃይል ሲጎትት ክሩ እንዳይበጠስ ማጠንጠኛው እንዲንሸራተት የሚፈቅደውን ክፍል ደግሞ ፍሬን እላለሁ። በዚህ ዓይነት ሪል ላይ ማጠንጠኛው አይዞርም። ስንወረውር ክሩ በማጠንጠኛው አፍ በኩል እየተፈታ ይወጣል፤ ስንሰበስብ ዟሪው ክንድ መልሶ ያለብሰዋል። ማጠንጠኛው ስለማይዞር ቀላል መንጠቆ እንኳ ሩቅ ይወረወራል፤ ዋጋው ግን በጥምዝ ይከፈላል።

ችግሩ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1884 በስኮትላንድ የፐርዝ ከተማ ሰው የነበረው ፒተር ማሎክ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሪል፣ ለመወርወር ሲፈለግ ማጠንጠኛው ወደ ጎን እየታጠፈ ክሩን በአፉ በኩል ይለቅ ነበር። ለመሰብሰብ ሲሆን ግን ወደ ቦታው ተመልሶ እንደ ተራ መዘውር ራሱ ይሽከረከራል። ሲወጣ በአፍ በኩል፣ ሲገባ በመሽከርከር ስለነበረ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጥምዝ እየተጨመረበት ክሩ ይከር ነበር። መፍትሔ ተብሎ የመጣው ማጠንጠኛውን አልፎ አልፎ ገልብጦ መግጠም ነበር፤ የጠመዘዘውን በተቃራኒው እንዲፈታ። በ1905 የእንግሊዟ ብራድፎርድ ከተማ ሰው የሆነው አልፍሬድ ኢሊንግወርዝ ማጠንጠኛው ሲወጣም ሲገባም የማይዞርበትን ሪል አስመዘገበ። ኢሊንግወርዝ የሱፍ ፋብሪካ ሰው ነበር። ይህን ባነበብኩ ቀን ለብቻዬ ሳቅኩ፤ የክሩን ነገር መፍታት ለፈታዮች የተተወ ይመስላል።

የኢሊንግወርዝ ሪል ያመጣው ለውጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል፤ ሲወረወር የተጨመረው ጥምዝ ሲሰበሰብ ይፈታል። ላላመነኝ ሰው ሦስት ሜትር ጥብጣብ፣ ይኸውም አንዱ ገጹ የሚያብለጨልጭ ሌላው የደበዘዘ የስጦታ መጠቅለያ ጥብጣብ፣ እንዲሁም አንድ ባዶ ጠርሙስ ይበቃል። የጥብጣቡን አንድ ጫፍ ጠርሙሱ ላይ በፕላስተር ይለጥፉና ጠርሙሱን በማዞር አሥር ጊዜ ይጠቅልሉት። ጥብጣቡ ተኝቶ፣ አብለጭላጩ ገጽ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ሆኖ ይቀመጣል። አሁን ጠርሙሱን ሳያዞሩ ጥብጣቡን በአንገቱ በኩል ጎትተው ያውጡት። አሥር ጊዜ ተጠምዝዞ ያገኙታል። ሌላ ሰው የነጻውን ጫፍ እንዳይሽከረከር ይያዝልዎትና ጠርሙሱን ሳያንቀሳቅሱ እጅዎን በዙሪያው እያዞሩ በመጀመሪያው አቅጣጫ መልሰው ይጠቅልሉት፤ አሥሩም ጥምዝ ጠፍቶ ጥብጣቡ እንደገና ይተኛል። ውርወራና ስብሰባ ማለት ይኸው ነው።

ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያንኑ ጥብጣብ አሁን በአንገቱ በኩል ሳይሆን ጠርሙሱን በማሽከርከር ይፍቱት፤ ቀጥ ብሎ ያለ ጥምዝ ይወጣል። ቀጥሎ እንደ ቅድሙ ጠርሙሱን ሳያዞሩ እጅዎን በዙሪያው እያዞሩ ይጠቅልሉት። አሥር ጥምዝ ገባበት። ጠርሙሱን በማሽከርከር ፈትተው፣ እጅ በማዞር እንደገና ቢጠቀልሉት ሃያ ይሆናል። በሪላችን ላይ ማጠንጠኛው የሚሽከረከረው መቼ ነው? ፍሬኑ ሲንሸራተት ነው። ስለዚህ ዓሣው ጎትቶ በፍሬን ያወጣው ክር ሁሉ ተመልሶ ሲጠነጠን በየዙሩ አንድ ጥምዝ ይዞ ይገባል፤ ይህን ጥምዝ ደግሞ ቀጣዩ ውርወራ አያወጣውም።

በቁጥር ላሳይ። የእኔ ማጠንጠኛ ስፋቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ አንዱ ዙር ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ክር ይይዛል። አንድ ጉልበተኛ አምባዛ መንጠቆውን ውጦ 20 ሜትር ክር በፍሬን ቢያወጣና እኔም መልሼ ብሰበስበው፣ ክሩ ውስጥ የሚቀረው ጥምዝ ወደ 127 ገደማ ነው። ይህ የማይቀር ነው፤ የጨዋታው ግብር ነው እንበለው። የማይቀር ያልሆነው ግን የሚከተለው ነው። ዓሣው እየጎተተ ሳለ፣ ፍሬኑ እየተንሸራተተ ሲጮኽ፣ ጀማሪ ሰው ተደናግጦ እጀታውን ማዞሩን አያቆምም። የእኔ ሪል ላይ 5.2 ለ 1 የሚል ጽሑፍ አለ፤ እጀታው አንዴ ሲዞር ዟሪው ክንድ 5.2 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ክሩ ወደ ውስጥ ሳይገባ እጀታው ሠላሳ ጊዜ ከዞረ 156 ጥምዝ በከንቱ ተጨመረ። ይህ የእናቴ እንዝርት ሳያጠነጥን የሾረበት ጊዜ ነው፤ በእርግጥም በዚያች ቅጽበት ሪሉ ዓሣ አያጠምድም፣ ፈትል ይፈትላል።

ይህንን ያወቅኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ጠዋት ትልቅ አምባዛ ይዤ ሩብ ሰዓት ያህል ሳንታገል ከጀልባ አከራዮቹ አንዱ ወጣት ከጎኔ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ሲሄድ ይሂድ፤ ሲቆም ነው ማዞር» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ማዞር ካቆምኩ የሚያመልጠኝ መስሎኝ እጀታውን እንደ ወፍጮ ሳዞር ቆየሁ። ዓሣው ወጣ፤ ክሩ ግን ከዚያ በኋላ ለምንም አልሆነም። ያ ወጣት እንዳስተማረኝ፣ ዓሣው ሲጎትት እጀታው ጸጥ ይላል፤ ዓሣው ሲደክም ዘንጉ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከዚያ ዘንጉ ወደ ታች እየወረደ ሳለ፣ ክሩ ሳይላላ፣ እጀታው ይዞራል። የሚሰበስበው ዘንጉ ነው፤ ሪሉ ዘንጉ ያመጣውን ብቻ ያጠነጥናል። እጀታው እየዞረ ፍሬኑ ከጮኸ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው፤ ይህን አንድ ድምፅ ብቻ ማዳመጥ ከውድ ክር ሁሉ ይበልጣል።

ፍሬኑም ቢሆን በግምት መጥበቅ የለበትም። አጥማጆች በተለምዶ የሚከተሉት ልክ ክሩ ከሚሸከመው ክብደት ከሩብ እስከ ሲሶ ነው። ስድስት ኪሎ በሚችል ክር ላይ ፍሬኑ መንሸራተት የሚጀምረው በአንድ ኪሎ ተኩል እና በሁለት ኪሎ መካከል ቢሆን ደህና ነው። ባለ ስፕሪንግ ሚዛን ከክሩ ጫፍ ላይ አስሮ መጎተት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ፍሬኑን ከመጠን በላይ አላልተው የሚያጠምዱ ሰዎች ትንሽ ቆሮሶ በያዙ ቁጥር እንኳ ሲያንሸራትቱ አያለሁ፤ እነሱ ናቸው በዓመት አምስት ጊዜ ክር የሚገዙት። በአንዳንድ ሪሎች ላይ እጀታውን ወደ ኋላ ለማዞር የምትፈቅድ ትንሽ ማንሻ አለች፤ በፍሬን ፈንታ በዚያ መንገድ ክር ለዓሣው የሚሰጥ ሰው ዟሪው ክንድ የጠመዘዘውን ራሱ ስለሚፈታው አንዳች ጥምዝ አያተርፍም። ድፍረትና ፈጣን እጅ ግን ይጠይቃል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ጣቶቼ በእጀታው ተመትተው ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ አከራካሪው ነገር ልምጣ፤ አዲስ ክር ሪል ላይ ስለ መሙላት። በክር መያዣ ካርቶኖች ላይ በብዛት የሚሰጠው ምክር፣ አዲሱን ጥቅል መሬት ላይ አስተኝቶ ክሩ በጥቅሉ ፊት በኩል እየተፈታ እንዲወጣ ማድረግና፣ ከጥቂት ዙር በኋላ ክሩን አላልቶ ቢጠመዘዝ ጥቅሉን ገልብጦ መቀጠል የሚል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ሱቅ ክሬን ሲሞላልኝ ጥቅሉን ያስተኛው በተሳሳተ ጎኑ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሱቁ ሳይሆን ምክሩ ራሱ ያጠራጥረኝ ጀመር። ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ቁጭ አልኩ።

አዲሱ ጥቅል አሥር ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው አንድ መቶ ሜትር ክር በላዩ ላይ ወደ 318 ዙር ይሆናል። ያው መቶ ሜትር በአምስት ሴንቲ ሜትሩ ማጠንጠኛ ላይ 637 ዙር ነው። ጥቅሉ ተኝቶ ክሩ በፊቱ በኩል ሲወጣ 318 ጥምዝ ይይዛል፤ ዟሪው ክንድ ደግሞ 637 ይጨምራል። ጥቅሉ በትክክለኛው ጎን ከተኛ ሁለቱ ስለሚቃረኑ ሪሉ ላይ የሚቀረው 319 ነው፤ በተሳሳተው ጎን ከተኛ ግን ተደምረው 955 ይሆናሉ። እዚህ ድረስ የካርቶኑ ምክር ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ክሩ ሪሉ ላይ አይኖርም፤ ይወረወራል። መቶው ሜትር በሙሉ በማጠንጠኛው አፍ በኩል ሲወጣ 637 ጥምዝ ይቀነስበታል። ያን ጊዜ ትክክለኛው ጎን ከ319 ወደ 318 በተቃራኒ አቅጣጫ፣ የተሳሳተው ጎን ደግሞ ከ955 ወደ 318 ይመጣል። ውኃው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም እኩል ከርረዋል፤ ልዩነታቸው የዙሩ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ጥቅሉ ሳይተኛ በመሐሉ ብዕር ወይም ዱላ ገብቶ ሌላ ሰው ይዞት እንደ ጎማ እየተሽከረከረ ክሩን ቢሰጥስ? ከጥቅሉ ሲወጣ ጥምዝ የለውም። ዟሪው ክንድ 637 ይጨምራል። ሲወረወር 637 ይቀነሳል። ውኃው ላይ የሚቀረው ዜሮ ነው። ስለዚህ ብዙዎች «ክር ያከርራል» እያሉ የሚያስጠነቅቁበት የብዕሩ ዘዴ በእኔ ስሌት ከሁሉ የተሻለው ነው። የካርቶኑ ምክር ደጋፊዎች ግን የሚሉት አላቸው፤ ክሩ ማጠንጠኛው ላይ ሳለ ጸጥ ብሎ መቀመጡ ለጀማሪ ቀላል ይሆንለታል፤ በብዕሩ ዘዴ የተሞላ ክር በተላላ ጊዜ ከማጠንጠኛው ላይ ለመዝለል ይቸኩላል። ይህ እውነት ነው። እኔ በብዕሩ ዘዴ ስሞላ ክሩን በእርጥብ ጨርቅ ቆንጠጥ አድርጌ ስለምይዘው ጠበቅ ብሎ ይጠነጠናል፤ ከዚያ ወዲህ አልዘለለብኝም። በአሞላሉ ላይ የሚፈጀው ክርክር ሁሉ ሲጠቃለል ግን በፍሬኑ ላይ ከሚሠራው ጥፋት ጋር አይወዳደርም። የአሞላል ጥምዝ አንድ ጊዜ የገባ ነው፤ የፍሬኑ በየዓሣው ይደመራል።

ቁጥሮቹን ለማነጻጸር ያህል፣ እኛ በፋብሪካው ቁጥር 20 ክር ስንፈትል በአንድ ሜትር ውስጥ 700 ያህል ጥምዝ እናስገባ ነበር፤ የጥጥ ቃጫ ተያይዞ የሚቆመው በጥምዝ ስለሆነ። የማጥመጃው ክር ግን አንድ ወጥ ናይለን ነው፤ የሚያያይዘው ቃጫ የለውም፤ ስለዚህ በሜትር አምስትና ስድስት ጥምዝ እንኳ ከተጠራቀመበት ማመፅ ይጀምራል። ከቀጫጭን ክሮች ተጎንጉኖ የሚሠራው ውዱ ክር ለስላሳ ስለሆነ ጥምዙን ይደብቃል እንጂ አይከላከለውም። ፍሬኑ እየጮኸ እጀታ የሚያዞር ሰው ውዱንም ክር ያከርረዋል፤ ሲቋጠርበት ደግሞ ቋጠሮው ከናይለኑ ይልቅ ለመፍታት ያስቸግራል። ጸሐፊው «ውዱን ግዙ» ሲሉ ይህን ያላዩት ይመስለኛል።

የቀሩትን ምክንያቶች ባጭሩ ልለፍ። ውኃ ውስጥ የሚሽከረከር ማንኪያ መሰል የዓሣ ማታለያ ክሩን አብሮ ያሽከረክራል፤ ከማታለያው በላይ በኳስ ኩሽኔታ የሚዞር ጥሩ ማያያዣ ማድረግ ይረዳል፣ ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ግን ሲጫነው አይዞርም። ክሩ ወደ ማጠንጠኛው ከመግባቱ በፊት የሚታጠፍባት ትንሽ ተሽከርካሪ በአሸዋ ከደረቀች አንድ ጠብታ ዘይት ትሻለች። ማጠንጠኛው እስከ አፉ ጢም ብሎ መሞላት የለበትም፤ ከጠርዙ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ጎደል ይበል። ከወረወሩ በኋላ በዟሪው ክንድ ላይ ያለውን የሽቦ ቅስት በእጀታው ሳይሆን በእጅ መዝጋትና የላላውን ክር አንዴ ሳብ አድርጎ ማጥበቅ ደግሞ የወፍ ጎጆውን ግማሽ ያስቀራል።

አስቀድሞ የከረረ ክር ያለው ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ መክረሩን ያረጋግጥ። ሁለት ሜትር ያህል ክር በሁለት እጁ ይዞ እጆቹን ቀስ በቀስ ያቀራርባቸው፤ ክሩ እንደ ቅስት ከተንጠለጠለ ደህና ነው፣ በራሱ ላይ ከተጠመዘዘ ከርሯል። ከዚያ መንጠቆውንም ማስጠሚያ እርሳሱንም ማያያዣውንም አውጥቶ ባዶውን ክር ብቻ ያስቀር። ወራጅ ወንዝ ላይ ያለ ሰው ባዶውን ክር ለውኃው ለቆ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይበቃዋል፤ ጫፉ ነጻ ስለሆነ ውኃው እየጎተተ ያፍታታዋል። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከላይ የሚታይ መውጫ ስለሌለው ክር የሚጎትት ኃይል ያለው ወራጅ የለውም፤ ስለዚህ እኛ በጀልባ እንሄዳለን። ሰባ ወይም ሰማንያ ሜትር ባዶ ክር ከኋላ ለቅቆ፣ ቀዛፊው ቀስ እያለ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀዝፍ ክሩ በውኃው ውስጥ ራሱን ይፈታል። ሲሰበሰብ በሁለት ጣት መሐል ቆንጠጥ ተደርጎ ይገባል። ጀልባ የሌለው ሰው ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ባዶውን ክር እየጎተተ ቢሄድም ይረዳዋል፤ እንደ ውኃው ግን አይሆንም፤ ልጆችም ይከተሉታል። እኔ ይህን በወር አንዴ ስለማደርግ አሁን ያለኝ ክር ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ያውም ጋዜጣው ርካሽ ያለው ዓይነት ነው።

ቆርጦ የመጣሉን ነገር የተቃወምኩበት ሌላው ምክንያት ዓይኔ ያየው ነው። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዙሪያ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ርጋፊ ለመልቀም ከሰው መሐል እንደሚመላለሱ የሐዋሳ ሰው ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ዓመት ከመካከላቸው አንዱ እግሩ በናይለን ክር ተጠፍሮ፣ ክሩ ሥጋውን ቆርጦ እያነከሰ ሲሄድ አየሁ። ጥጥ ቢሆን ኖሮ በስብሶ ይበጠስ ነበር፤ ናይለን ግን በቀላሉ አይበሰብስም። ክሩ የእኔ ይሁን የሌላ ሰው ማወቅ አልችልም። በዚያ ሦስት ወር የጣልኳቸው ሁለት ጥቅሎች ግን የተጣሉት እዚያው አካባቢ ነበር።

ስለዚህ የተከበሩ አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሚቀጥለው እትም ምክሩ እንዲታረም፤ ቦታ ካነሰም «ፍሬኑ ሲጮህ እጀታውን አታዙሩ» የሚለው አንድ መስመር ብቻ ቢወጣ ይበቃኛል። ሁለተኛ፣ ክር መጣል ግድ ሲሆን በሐይቁ ዳር ሳይሆን በትንንሹ ተቆራርጦ በቆሻሻ መጣያ እንዲጣል ለአንባቢዎቻችሁ ብታሳስቡ። የዝግጅት ክፍላችሁ ባልደረቦች ስሌቴን ከተጠራጠሩ ጠርሙሱና ጥብጣቡ ከማንም ቤት አይጠፋም፤ በአሥር ዙር ይጀምሩና ውጤቱን ይጻፉልኝ፤ ቁጥሩ ካልገጠመም ስህተቴን ለማረም ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የፈትል ክፍል ሠራተኛ
ከሐዋሳ